ስኳር ስንት?

ለሦስት ሳምንት ያህል ስኳር ለማትወድ ሴት ስኳር የበዛበት ሻይ ሳጠጣ ከረምኩ። በገዛ እጄ፣ እፍ እያልኩ አብርጄ፣ «ጎበዝ የኔ እህት፣ ትንሽ ጨምሪ» እያልኩ። ነገሩ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ከዚያ ወዲህ በሥራዬ ብዙ ከባድ ነገር አይቻለሁ፤ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የሚመጣብኝ ግን ያ ሻይ ነው። ለባልደረቦቼ ሳወራቸው ይስቃሉ። «ለሻይ ነው እንዴ እንዲህ የምትሆኚው?» ይሉኛል። አዎ፣ ለሻይ ነው።

የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። ሆስፒታሉን አልጠራም። የልጅቷንም ታሪክ ማንም እንዳይለያት አድርጌ ቀያይሬዋለሁ። ሻዩን ግን አልቀየርኩትም።

ዕድሜዋ በሃያዎቹ አጋማሽ ነበር። አረብ አገር በቤት ሠራተኝነት አምስት ዓመት ቆይታ ነው የተመለሰችው። ወደ እኛ ስትመጣ አትበላም፣ አትተኛም፣ ካልጠየቋት አትናገርም። ታላቅ እህቷ አስታማሚ ሆና አብራት ገባች። «ሐሳብ ገብቷት ነው» አለችን። መጀመሪያ ለራስ ምታት ክሊኒክ፣ ከዚያ ለልብ ማቃጠል ሌላ ክሊኒክ፣ ከዚያ ጸበል፣ ከዚያ እኛ ጋ። ብዙ ሰው የሚመጣበት መንገድ ነው፤ አዲስ ነገር የለውም። ካርዷ ላይ ከባድ ድባቴ ተብሎ ተጻፈ። (ድብርት የሚለው ቃል እሁድ ከሰዓት በኋላ ለሚጫጫነንም ስለሚያገለግል፣ ለሕመሙ ድባቴ የሚለውን እየለመድን ነው። ቃሉ ለብቻው መውጣቱ ደስ ይለኛል። ቢያንስ «እኔንም እኮ ይደብረኛል» የሚለውን መልስ ያስቀራል።)

እኛ ክፍል ውስጥ ደግሞ «ጥሩ ታካሚ» ሆነች። አትጮህም፣ በር አትደበድብም፣ መድኃኒቷን አትተፋም። ጠዋት ርክክብ ላይ የሌሊት ተረኛዋ ስለ ሌሎቹ ሩብ ሰዓት ታወራና እሷ ጋ ስትደርስ «6 ቁጥር ሰላም ናት» ብላ ታልፋታለች። ምን ልብስ ልስጥሽ? «እንደፈለግሽ ሲስተር።» ፀሐይ እንውጣ ወይስ ትተኛለሽ? «እንደፈለግሽ።» ሩዝ ነው እንጀራ? «እንዳልሽ።»

እኔም እንደፈለግኩ አደረግኩ። ፀጉሯን ሠራሁላት፣ ልብስ መረጥኩላት፣ ማንኪያ ይዤ አጎረስኳት። እኔ ስደክም እህቷ ትቀበለኛለች። እንደ እናት ነው የያዝኳት ብዬ በልቤ እኮራ ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ የክፍሉ ምርጥ ነርስ እኔ ነኝ ብዬም ሳላስብ አልቀረሁም።

የውሻው ቲዎሪ

ተማሪ ሳለን የድባቴ የሥነ ልቦና ቲዎሪዎችን የምንይዘው እያንዳንዳቸውን በአንድ ቃል ነበር። ፍሮይድ ቁጣ። ቦልቢ እናት። ቤክ ሐሳብ። ሴሊግማን ውሻ። ፈተና ላይ ጥያቄው ውስጥ ውሻ ካለ ሴሊግማንን ማክበብ ነው፤ አለቀ። ከፈተናው በኋላ ደግሞ እነዚህ ሁሉ ሰዎች ተያይዘው ከጭንቅላታችን ወጡ። ተመርቀን ስንገባ ሥራው መርፌ፣ ኪኒን፣ ካርድ፣ ቁልፍ ሆነ።

ፍሮይድን ያስታወሰኝ እህቷ ናት። ፍሮይድ በ1917 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው) ባወጣው ጽሑፍ ሐዘንና ድባቴ ምን ለያቸው ብሎ ይጠይቃል። ያዘነ ሰው ዓለም ባዶ ይሆንበታል፤ በድባቴ የተያዘው ግን ራሱ ባዶ ይሆንበታል። በሄደው ሰው ላይ ሊወጣ ይገባው የነበረ ቁጣ ተመልሶ በባለቤቱ ላይ ይዞራል ይላል። የወንድ እንባ ወደ ሆዱ ነው ብለን ላደግን ሰዎች ይኼ ብዙ ማብራሪያ የሚፈልግ አይመስለኝም። ልዩነቱ እኛ እንደ ጀግንነት ስንቆጥረው እሱ እንደ ሕመም መቁጠሩ ነው።

አንድ ቀን እህቷ ኮሪደር ላይ እንዲህ አለችኝ፦ «ሰው ሞቶባት ቢሆን እንኳ እናስለቅሳት ነበር። ምን ብለን እናልቅስ?» ትክክል ናት። ሰው ሲሞት ምን እንደምናደርግ እኛን የሚያህል የሚያውቅ የለም። ድንኳን ይተከላል፣ እድሩ ይመጣል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ሦስቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው እያለ ሐዘኑ በቀን በቀኑ ይሸኛል። አምስት ዓመት ለሞተበት ሰው ግን ድንኳን አይተከልም። እንዲያውም «እንኳን በሰላም ገባሽ» ተብሎ ዶሮ ታርዶላታል።

ማስረጃሽን አምጪ

በሁለተኛው ሳምንት ቤክን ልሞክር ብዬ ተነሳሁ። አሮን ቤክን የምወደው በሐቀኝነቱ ነው። ሰውየው የፍሮይድ ተከታይ ነበር። የፍሮይድን የቁጣ ነገር በጥናት አረጋግጣለሁ ብሎ የታካሚዎቹን ሕልም ይሰበስባል። ቁጣ ሲፈልግ ያገኘው መሸነፍ፣ መጣል፣ ማጣት ሆነ። ሌላው ቢሆን ውጤቱን ጠምዝዞ ከጌታው ጋር ያስማማው ነበር፤ እሱ ግን መንገዱን ቀየረ። ድባቴ ያለበት ሰው ስለ ራሱ፣ ስለ ዓለም፣ ስለ ነገ የሚያስበው ነገር አንድ ላይ ይጠቁራል አለ። ሕክምናውም ያን ሐሳብ ከታካሚው ጋር ተቀምጦ በማስረጃ መመርመር ነው። 100 ዓመት ሞልቶት በ2021 እስኪሞት ድረስ ይኼንኑ ሲያስተምር ኖረ።

እኔም ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። «ምንም ባደርግ ዋጋ የለውም» አለችኝ። ደስ አለኝ! የመማሪያው ምሳሌ ቃል በቃል ወጣልኝ። «እስቲ ማስረጃሽ ምንድን ነው?» አልኳት።

ነገረችኝ። ድምፅዋን ሳትጨምር፣ የገበያ ዝርዝር እንደሚያነብ ሰው። ገና እንደደረሰች ፓስፖርቷን ወሰዱባት። ሰባት ወር ደሞዝ አልከፈሏትም። ጠየቀች፣ «ይመጣል» አሏት። አለቀሰች፣ ሳቁባት። ወደ ደላላው ደወለች፣ ወደዚያው ቤት መለሳት። መኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ ስም ነው፤ ከፋላ የሚሉት ሥርዓት ሠራተኛዋን ካመጣት ሰው ጋር ያስራታል። ከቤቱ ከወጣች ሕገወጥ፣ ከተቀመጠች ደግሞ ያው ነው። በኋላ የከፈሏትን አገር ቤት ላከች። ስትመለስ ብሩ የለም። ወንድሟ ነግዶ ከስሯል።

ጨረሰችና አየችኝ። የምለው አጣሁ። የተጣመመ ሐሳብ ላቃና ነበር የተቀመጥኩት፤ ሐሳቧ ግን ለአምስት ዓመት ያህል ትክክል ነበር። እዚያ ቤት ውስጥ ምንም ብታደርግ ዋጋ አልነበረውም። «አይዞሽ፣ ያልፋል» ብዬ ወንበሬን መለስኩ። አይዞሽ ከማስረጃ ክርክር በኋላ ሲመጣ እንዴት እንደሚያሳፍር ያየ ያውቀዋል።

በዚያ ምሽት የድሮ ደብተሬን አወጣሁ። ውሻውን ፍለጋ።

ማርቲን ሴሊግማንና ስቲቨን ማየር በ1967 ባወጡት ሙከራ ውሾቹ ሦስት ቡድን ነበሩ። አንደኛው ቡድን ኤሌክትሪክ ሲነዝረው በጭንቅላቱ አንድ ነገር ገፍቶ ማቆም ይችላል። ሁለተኛው እኩል መጠን፣ እኩል ሰዓት ይነዘራል፤ ምንም ቢያደርግ ግን የማቆም ሥልጣን የለውም። ሦስተኛው ጨርሶ አልተነዘረም። በማግሥቱ ሁሉንም አጭር አጥር ያለበት ሳጥን ውስጥ አስገቧቸው። አጥሩን ዘሎ ማምለጥ ይቻላል። አንደኛውና ሦስተኛው ቡድን ዘለሉ። ከሁለተኛው ቡድን አብዛኞቹ ተኝተው ተነዘሩ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንላለን። እነዚህ ውሾች እባቡን ብዙ ስላዩት በእባቡም አልበረዩም። ሕመሙ ለሁለቱም እኩል ነበር፤ የለያቸው ማቆም መቻል አለመቻላቸው ነው። ቲዎሪውም ይኼው ነው፦ የተኙት ውሾች «ምንም ባደርግ ለውጥ የለውም» የሚለውን ተምረዋል።

ያን ጊዜ ደብተሬ ላይ ያልነበረ፣ በኋላ ያነበብኩት ነገር አለ። ሴሊግማን፣ አብራምሰንና ቲስዴል በ1978 የውሻው ነገር ለሰው አይበቃም አሉ። ሰው ይጠይቃላ! «ለምን እኔን?» ይላል። መልሱ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሁሌም እንዲሁ ነው፣ በሁሉም ነገር እንዲሁ ነኝ» ከሆነ ድባቴው ሥር ይሰዳል። 6 ቁጥርም ብላኝ ነበር እኮ፣ ዝርዝሯን ስትጨርስ፦ «ሌሎቹ ግን ቤት ሠርተው ተመልሰዋል።» ደላላው አልታያትም። ፓስፖርቱ አልታያትም። የታየቻት ራሷ ናት። እኔ አይዞሽ ለማለት ስጣደፍ ዋናዋን ዓረፍተ ነገር አለፍኳት።

የሻይ ሰዓት

ሻያችን የሚመጣው በትልቅ ማንቆርቆሪያ ነው። ወጥ ቤት ስኳሩን ጨምሮ፣ አማስሎ ይልከዋል። ለሁሉም አንድ ዓይነት። በዚያ ሳምንት ግን ስኳር ችግር ነበርና ሻዩ ባዶውን መጣ፤ ስኳሩ በቆርቆሮ ለብቻው፣ እንዳይባክን እየተሰፈረ። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከስኳር እጥረት ነው ማለት ነው። ከቲዎሪ አይደለም።

የሚያድሉት እማማ ነበሩ። የጽዳት ሠራተኛ ናቸው፤ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። አልጋ በአልጋ እየሄዱ «ስኳር ስንት?» ይላሉ። ሁለት፣ ሦስት፣ አንዱ አምስት ብሎ ተቆጡት። 6 ቁጥር ጋ ደረሱ።

«ስኳር ስንት ልጄ?»

ዝም።

እኔ አጠገቧ ነኝ። ኩባያውን ለመቀበል እጄን ዘርግቻለሁ። «ሁለት ያድርጉላት እማማ» ልል አፌን ስከፍት ሴትየዋ ወደኔ ሳያዩ መዳፋቸውን አነሱብኝ። ቆይ እንደማለት። ማንኪያውን ቆርቆሮው አፍ ላይ እንደያዙ ቆሙ። አልደገሙላትም፣ አላባበሏትም፣ «እንዴ ተናገሪ እንጂ» አላሉም። ቆሙ ብቻ። 7 ቁጥር ሻዬ ቀዘቀዘ እያለ ያጉረመርማል። እህቷ ተቁነጠነጠች። እኔ በሆዴ ስንት ጊዜ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት እንዳልኩ! ምናልባት አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው። ዝም ብለው ሲቆሙበት አንድ ደቂቃ በጣም ረጅም ነው።

«ስኳር አልወድም» አለች።

እማማ ማንኪያውን መለሱና ባዶውን ሻይ ሰጥተዋት ወደ 7 ቁጥር አለፉ። ለእሳቸው ነገሩ እዚያው አለቀ። እኔ እዚያው ቀረሁ።

በሦስት ሳምንት ውስጥ ከአፏ የወጣች የመጀመሪያዋ ፍላጎት ናት። ያቺን ፍላጎት ደግሞ በየቀኑ ሁለት ጊዜ በሞቀ ሻይ ሳፍናት የከረምኩት እኔ ነኝ። እህቷን ዞር ብዬ አየኋት። «ከልጅነቷም አትወድም» አለችኝ ቀስ ብላ። ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? «ሲስተር ካደረጉት ለሕክምናው ይሆናል ብዬ ነዋ!»

እስከዚያ ቀን ድረስ እነዚያን ቲዎሪዎች የምፈልጋቸው እሷ ጭንቅላት ውስጥ ነበር። ሐሳቧ እንዴት ተጣመመ፣ ቁጣዋ ወዴት ዞረ፣ ምን ተማረች። የተነዘረችው አረብ አገር፣ ሳጥኑም ያ ቤት መስሎኝ። አሁን ግን ዙሪያዬን አየሁ። በሩ ከውጭ ይቆለፋል። መነሻ ሰዓት በእኛ፣ መተኛ በእኛ፣ ገላ መታጠቢያ በወረፋ። መታወቂያዋ ቢሮ፣ ስልኳ ቢሮ። ስታለቅስ መድኃኒት ይጨመራል፣ ዝም ስትል «ሰላም ናት» ይባላል። ደግነታችን ልዩነት የለውም ማለቴ አይደለም፤ ማንም አልመታትም፣ ማንም ደሞዟን አልከለከላትም። ግን ሳጥኑን በጋቢ ብንሸፍነው ያው ሳጥን ነው። እሷም ሳጥን ታውቃለች። በደንብ ታውቃለች።

እንደ እናት ያዝኳት ብዬ ነበር አይደል? ሂልደጋርድ ፔፕላው የምትባል አሜሪካዊት ነርስ በ1952 ባሳተመችው መጽሐፍ ነርስ ታካሚው ፊት ስትቀርብ መጀመሪያ እንግዳ ናት ትላለች። እንግዳ! እናትነት፣ ወይም የእናት ምትክነት፣ በኋላ ታካሚው ራሱ የሚያለብሰን ልብስ ነው፤ ሥራችንም እሱን ለብሶ መቅረት ሳይሆን ታካሚው ከእኛ እንዲለይ መርዳት ነው። እኔ ግን በገባች በመጀመሪያው ቀን ሳልጠየቅ እናት ሆኜ ቁጭ አልኩ። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባላል። ይሁን። መድኃኒት ሲያድል የኖረ ሰው ግን መጠን የሚባል ነገር እንዳለ መርሳት አልነበረበትም።

የተገለበጠው

የውሾቹን ታሪክ መጨረሻ ብዙ ሰው አይጠይቅም። እነዚያ የተኙት ውሾች እንዴት ተነሱ? ማሰሪያቸውን ይዘው አጥሩን እየጎተቱ አሻገሯቸው። አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግመው። መጀመሪያ ከባድ ጉተታ ነው፣ ከዚያ እየቀለለ ይሄዳል፣ በመጨረሻ ራሳቸው ይዘላሉ። መሻገር እንደሚያስቆመው በእግራቸው እስኪያውቁት ድረስ በቃል የሚነገር ነገር የለም።

ከሁሉም የገረመኝ ደግሞ ሌላ ነው። ማየርና ሴሊግማን ከ50 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2016፣ የራሳቸውን ቲዎሪ ገለበጡት። የአእምሮ ጥናቱ ሲታይ ተገልብጦ ነው የያዝነው አሉ። ለረጅም ጊዜ ክፉ ነገር ሲደርስበት ፍጥረት ሁሉ ዝም ብሎ ይተኛል፤ ይኼ ሳይማሩት የሚመጣ ነው። የሚማሩት ሌላውን ነው፦ እኔ የማደርገው ነገር ለውጥ እንደሚያመጣ። ያ ትምህርት ሲገባ የፊተኛው የአእምሮ ክፍል መተኛቱን ያግደዋል። ይኼን ሳነብ እማማ ናቸው ትዝ ያሉኝ። ማንኪያቸውን ይዘው የቆሙት ትምህርት ለማስጣል አልነበረም። ለማስጀመር ነው። እሳቸው ይኼን ብነግራቸው «አይ ልጄ፣ ስኳር እንዳይባክን ነው እንጂ» እንደሚሉኝ አልጠራጠርም።

ከዚያ ቀን በኋላ ያደረግኩት ነገር በጣም ትንሽ ነው፤ ለመጻፍም ያሳፍራል። ጠይቄ መቆም ጀመርኩ። ሰማያዊው ነጠላ ጫማ ነው ቡናማው? ዝም። እቆማለሁ። መስኮቱ ይከፈት ይዘጋ? እቆማለሁ። ሰባት አልጋ እየጠበቀኝ መቆም ቀላል አይደለም። የነርስ እጅ ደግሞ ዝም ብሎ መቆም አልለመደም። አንዳንዴ አልመለሰችልኝም፤ ተሸንፌ መርጬላት ሄድኩ። አንዳንዴ «ይዘጋ» አለች። አንድ ጊዜ ፀጉሯን ልሠራላት ስቀርብ «ራሴው እሠራዋለሁ» ብላ ማበጠሪያውን ተቀበለችኝና አጋማሹን ሠርታ ተወችው። ቀኑን ሙሉ ግማሹ የተሠራ፣ ግማሹ የተንጨፈረረ ፀጉር ይዛ ተቀመጠች። ጣቴን በላኝ። አልነካሁትም።

ተሻላት። በዚያው ሰሞን የድባቴ ኪኒኗ፣ ፍሉኦክሰቲኑም፣ ሳምንታት ሞልቶታልና ከሁለቱ የትኛው እንደሠራ ልነግራችሁ አልችልም፤ «በሻይ ዳነች» ብላችሁ ደግሞ መድኃኒት እንዳታስቆሙብኝ። እህቷ ጸበሉ ነው ትላለች። ከእሷ ጋር አልተከራከርኩም።

አልጋ 6

የሻዩ ዕለት ማታ ርክክብ ላይ ለተረኞቹ ደስ ብሎኝ ነገርኳቸው። «6 ቁጥር ተናገረች! ስኳር አልወድም አለች!» ሁሉም ተደሰቱ። በማግሥቱ ጠዋት ስገባ የርክክብ ደብተሩ ላይ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ ከሥሩ በቀይ ተሰምሮበት እንዲህ ይላል፦ «አልጋ 6፦ ሻይ ያለ ስኳር።»

የጻፈችው ልጅ አሳቢ ነርስ ናት። እኔን ነው የምትመስለው። ጥቂት አሰብኩና በላዩ ላይ ሰረዝ አድርጌ «ትጠየቅ» ብዬ ጻፍኩበት።

እማማ ሁሌም ይጠይቋታል። ስኳሩ ወደ ማንቆርቆሪያው ከተመለሰ በኋላ እንኳ ለእሷ ባዶ ሻይ ከወጥ ቤት እያስቀዱ፣ ቆርቆሯቸውን ይዘው ይመጣሉ። «ስኳር ስንት ልጄ?» «አልፈልግም።» «ስኳር ስንት?» «አልፈልግም።» ልትወጣ ጥቂት ቀን ሲቀራት አንድ ጠዋት እንደተለመደው ማንኪያውን ይዘው ቆሙባት። ቆርቆሮውን አየችው።

«ዛሬ አንድ» አለች።